72 ደረጃ፦ የሕንጻ ሕጉ ሲሻሻል እነማንን ያስታውስ?

እናቴ የኮንዶሚኒየም ዕጣ የወጣላት ቀን ሰፈሩ በእልልታ ቀልጦ ነበር። አራተኛ ፎቅ መሆኑ ሲነገራት «የራስ ቤት ከሆነ አሥረኛስ ቢሆን!» ነበር ያለችው። ያኔ ጉልበቷ ደህና ነበር። ሰሞኑን ከበሯ እስከ መሬት ያለውን ደረጃ እየቆጠርኩ ወረድኩ። 72 ነው። ባለፈው ታማ ሐኪም ቤት ስንወስዳት ጎረቤቶች በፕላስቲክ ወንበር አስቀምጠው፣ ለአራት ሆነው ተሸክመው አወረዷት። የዕድር መዋጮዋን አንድም ወር አላስተጓጎለችም፤ ለቅሶ ከደረሰች ግን ዓመት አልፏታል። ቅዳሴም የምትሰማው በመስኮት ነው።

ይህን የማወራው ከንፈር እንድትመጡልኝ አይደለም። ስለ ሕንጻ ሕግ መነጋገር ስላለብን ነው።

የሕንጻ ሕጉ ይሻሻል በተባለ ቁጥር አዲስ አበባ ውስጥ ክርክሩ ያው ነው። ስንት ፎቅ ይፈቀድ? መኪና ማቆሚያው የት ይሁን? ቅጣቱ ስንት ይሁን? ሁሉም ተገቢ ጥያቄ ነው። ደረጃ መውጣት የማይችል ሰው በየት በኩል ይግባ ብሎ የሚጠይቅ ግን ብዙም አይሰማም።

ሕጉ ይህን ረስቶት ቢሆን አንድ ነገር ነበር። አልረሳውም። የሕንጻ አዋጅ ቁጥር 624/2001 አንቀጽ 36 የሕዝብ መገልገያ ሕንጻዎች ለአካል ጉዳተኞች የሚመች መግቢያ እንዲኖራቸው አዝዟል። ዊልቸር የሚጠቀሙትን ብቻ ሳይሆን መራመድ እየቻሉ ደረጃ መውጣት የሚያቅታቸውንም ጠቅሷል። መጸዳጃ ቤቱም እንዲመቻቸው ጠይቋል። አገራችን የተባበሩት መንግሥታትን የአካል ጉዳተኞች መብቶች ስምምነት ያጸደቀችውም በአዋጅ ቁጥር 676/2002 ነው። ከዚያ ወዲህ ከ15 ዓመት በላይ ሆነ። ላም አለኝ በሰማይ!

ዊልቸር የሚጠቀም አንድ ወዳጅ አለኝ። ለአንድ ጉዳይ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ወዳለ መሥሪያ ቤት ሄደ። ሊፍቱ አይሠራም። ጥበቃው በቅንነት «ችግር የለም፣ ልጆች ጠርቼ እናሸክምሃለን» አለው። ወዳጄ «እኔ ሲሚንቶ አይደለሁም» ብሎ እምቢ አለ። በመጨረሻ ሠራተኛዋ ፋይሉን ይዛ ወረደች። የግል ጉዳዩን ደረጃው ሥር፣ አላፊ አግዳሚው እየሰማ ተናዝዞ ፈረመ። የጥበቃውም የሠራተኛዋም ጥፋት አይደለም። ጥፋቱ ሕንጻው እንዲህ ሆኖ ሲከፈት ዝም ያለው ሰው ነው።

ራምፕ አላቸው የሚባሉትንም ሕንጻዎች እስቲ ልብ ብላችሁ እዩ። በዓለም ላይ በስፋት የሚሠራበት ልክ ለ1 ሴንቲ ሜትር ከፍታ ቢያንስ 12 ሴንቲ ሜትር ርዝመት ነው። መግቢያው ከመሬት 60 ሴንቲ ሜትር ከፍ ካለ ራምፑ ከ7 ሜትር ከ20 ሴንቲ ሜትር ማነስ የለበትም ማለት ነው። እኛ ጋ ሁለት ሜትር ላይ ሲሚንቶ ደፍተው «ራምፕ ሠርተናል» ይሉናል። በእሱ ላይ ዊልቸር ከወጣ የሚወርደው ተገልብጦ ነው። ለአካል ጉዳተኛ የተባለው መጸዳጃ ቤትም ብዙ ጊዜ ቁልፉ የጽዳት ሠራተኛዋ ኪስ ውስጥ ነው፤ ውስጡ መጥረጊያና ባልዲ ይቀመጥበታል።

«አገሪቱ ድሃ ናት፣ ወጪው ይከብዳል» የሚል መልስ እንደሚመጣ አውቃለሁ። የበር ስፋትና የመግቢያ ከፍታ ገና በፕላን ላይ ከታሰበበት ወጪው ከጠቅላላው አንጻር ኢምንት ነው። ውድ የሚሆነው ተሠርቶ ካለቀ በኋላ ሲፈርስ ነው። ደግሞ በኮሪደር ልማቱ ወቅት ባለሕንጻዎች ቀለም ቀቡ፣ መብራት አብሩ ሲባሉ አይተናል። ቀለም ለማስቀየር አቅም ያለው አስተዳደር አራት ደረጃ ለማስተካከል አቅም አጣሁ ቢለን ማን ያምነዋል? የእግረኛ መንገዱ ሰፍቶ ተነጥፏል፤ እሰየው። ግን ዊልቸሩ በዚያ ባማረ መንገድ መጥቶ ሕንጻው በር ላይ ከቆመ ምን ዋጋ አለው?

«ሊፍት ብናስገባስ መብራት ሲጠፋ?» የሚልም አለ። መብራት ሄዶ ይመጣል። የእናቴ ጉልበት ግን ሄዶ አይመጣም።

ስለዚህ ማሻሻያ ሲመጣ እነዚህ ሦስት ነገሮች ይግቡበት።

1. የመጠቀሚያ ፈቃድ ከመሰጠቱ በፊት የሕንጻ ሹሙ ከአንድ ዊልቸር ተጠቃሚ ጋር ከአስፋልቱ እስከ መጸዳጃ ቤቱ ይሂድ። ያለ ሸክም ካልደረሱ ፈቃድ የለም።

2. ነባር የሕዝብ መገልገያ ሕንጻዎች መግቢያቸውን የሚያስተካክሉበት ቁርጥ ያለ ቀን ይቀመጥ። ቀኑ ካለፈ ባለሕንጻው ይጠየቅ፤ የመንግሥት መሥሪያ ቤትም ከዚህ አያመልጥም።

3. የመኖሪያ ፎቆች ክርክር በማያስነሳ ቋንቋ ይጠቀሱ። ከምድር በላይ አራት ፎቅ ላለው አዲስ የጋራ መኖሪያ ሊፍት ግዴታ ይሁን። ለዛሬ አቅም ጠፋ ከተባለ እንኳ የሊፍቱ ቦታ ከፕላኑ ጀምሮ ይተው። ያኔ ነዋሪዎች ነገ ገንዘብ አዋጥተው ማስገባት ይችላሉ። የእናቴ ሕንጻ ግን ቦታውም ስላልተተወለት ብናዋጣም መላ የለንም።

አንዳንዶች «ለአቅመ ደካሞች ምድር ቤቱን መስጠት ይበቃል» ይላሉ። አይበቃም። እናቴ ዕጣ ሲወጣላት አቅመ ደካማ አልነበረችም። እዚያው አርጅታ ነው። ዛሬ ደረጃውን ሁለት ሁለት እየዘለለ የሚወጣው ወጣትም፣ ዕድሜ ከሰጠው፣ ተራው ይደርሳል። ሕንጻ ለ50 ዓመት ሲሠራ የሚያረጅ ሰው እንደሚኖርበት አለማሰብ ድህነት ሳይሆን ግዴለሽነት ነው።

እናንተስ? የምትኖሩበትን ወይም የምትሠሩበትን ሕንጻ ደረጃ ዛሬ ቆጥራችሁ ከታች ጻፉ። ከዚያ ወላጆቻችሁ ሊወጡት ይችሉ እንደሆነ ጨምሩበት።