ሞኒተሩን ብቻ ሳይሆን መንገዱንም እንግዛ

ኮምፒውተር ያሰላውን ለሰው የሚገልጸው በአብዛኛው በሞኒተር በኩል ነው። የቱንም ያህል ፈጣን ፕሮሰሰር ቢኖር፣ የቱንም ያህል ሰፊ የመረጃ ማከማቻ ቢገዛ፣ ተመራማሪው የሚፈርደው ዓይኑ ባየው ላይ ነው። በላቦራቶሪዎችና በጥናት ክፍሎች ከፍተኛ የምስል ጥራት ያላቸው ሞኒተሮች እየተለመዱ የመጡትም በዚሁ ምክንያት ነው። 4ኬ እየተባለ የሚጠራው ሞኒተር በአግድም 3840፣ በቁም 2160፣ በድምሩ 8,294,400 ነጥቦች ወይም ፒክስሎች አሉት። ይህም ብዙዎቻችን ከለመድነው 1920 በ1080 ሞኒተር አራት እጥፍ መሆኑ ነው።

ይሁን እንጂ ሞኒተሩ መገዛቱና ያ ሁሉ ነጥብ በትክክል መታየቱ ሁለት የተለያዩ ጉዳዮች ናቸው። የዚህ ጽሑፍ ዓላማም ይህንኑ ልዩነት ማስረዳትና አንድ አቋም ማቅረብ ነው። ተቋሞቻችን ሞኒተር ሲገዙ የሚገዙት አንድን ዕቃ ሳይሆን አንድን መንገድ ጭምር መሆኑን ሊገነዘቡ ይገባል እንላለን። መንገዱ ከኮምፒውተሩ ግራፊክስ ካርድ ይነሣል፤ በሶኬቱና በገመዱ፣ አንዳንድ ጊዜም በመካከል በሚገባው አዳፕተር በኩል ያልፋል፤ በመጨረሻም ከሞኒተሩ መግቢያ ይደርሳል። የጣና ሐይቅን የሚያህል ውሃ ቢኖር እንኳ ማሳው ዘንድ የሚደርሰው ቦዩ የሚያሳልፈው ያህል ብቻ ነው። ቦዩም የሚለካው በሰፋበት ሳይሆን በጠበበበት ስፍራ ነው።

ሂሳቡ ምን ይላል?

ነገሩን በቁጥር እንመልከተው። እያንዳንዱ ነጥብ ቀዩን፣ አረንጓዴውንና ሰማያዊውን ቀለም ለመግለጽ ለእያንዳንዱ 8፣ በድምሩ 24 ቢት ያስፈልገዋል። እንቅስቃሴው ሳይንገጫገጭ እንዲታይ ደግሞ ምስሉ በሰከንድ 60 ጊዜ መታደስ ይኖርበታል። ሦስቱን ስናባዛ ለ1920 በ1080 ሞኒተር በሰከንድ 3 ጊጋቢት ያህል፣ ለ4ኬ 12 ጊጋቢት ያህል፣ 5120 በ2880 ነጥብ ላለው 5ኬ 21 ጊጋቢት ያህል፣ 7680 በ4320 ነጥብ ላለው 8ኬ ደግሞ 48 ጊጋቢት ያህል እናገኛለን። አንዱን ምስል ከሌላው የሚለዩት ባዶ ክፍተቶች ሲታከሉ ቁጥሩ ከዚህም ከፍ ይላል።

አሁን መንገዱን እንለካ። እ.ኤ.አ. በ2009 የወጣው ኤችዲኤምአይ 1.4 ለምስል የሚያሳልፈው በሰከንድ 8.16 ጊጋቢት ነው። ስለዚህ ሙሉ ቀለም ያለው 4ኬ ምስል በሰከንድ 60 ጊዜ ሊያልፍበት አይችልም፤ በ30 መወሰን ግድ ይሆናል። እ.ኤ.አ. በ2013 የወጣው ኤችዲኤምአይ 2.0 አቅሙን ወደ 14.4 ጊጋቢት ከፍ ስላደረገው 4ኬ በ60 ለጥቂት ያልፍበታል። እ.ኤ.አ. በ2010 የወጣው ዲስፕሌይፖርት 1.2 ደግሞ 17.28 ጊጋቢት ያሳልፋል። ለ4ኬ ይበቃል፤ ለ5ኬ ግን አይበቃም። በዚህም ምክንያት ዴል እ.ኤ.አ. በ2014 ያወጣው ዩፒ2715ኬ የተባለ 5ኬ ሞኒተር ሙሉ ምስሉን በ60 እንዲያሳይ ሁለት የዲስፕሌይፖርት ገመዶች ጎን ለጎን እንዲሰኩበት ሆኖ ተሠራ። ይኸው ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ2017 ለገበያ ያቀረበው 8ኬ ሞኒተርም እንዲሁ ሁለት ገመድ ነበር የሚጠይቀው፤ አንዱ የዲስፕሌይፖርት 1.4 ገመድ የሚያሳልፈው 25.92 ጊጋቢት ብቻ ነውና።

ችግሩ አዲስ አይደለም። አይቢኤም እ.ኤ.አ. በ2001 ቲ220 የተባለ፣ 22.2 ኢንች ስፋትና 3840 በ2400 ነጥብ ያለው ሞኒተር አውጥቶ ነበር። በዘመኑ የነበረው ነጠላ የዲቪአይ ገመድ በሰከንድ ከ165 ሚሊዮን በላይ ነጥብ አያሳልፍም። የሞኒተሩ ነጥቦች 9,216,000 ናቸውና በአንድ ገመድ ብቻ ምስሉ በሰከንድ 18 ጊዜ እንኳ ሊታደስ እንደማይችል አንባቢ ራሱ አካፍሎ ሊደርስበት ይችላል። ስለዚህ ምስሉ ተከፋፍሎ እስከ አራት በሚደርሱ ገመዶች ይጓዝ ነበር። ማሳየት ተችሎ ማድረስ ያስቸገረበት ዘመን ነበር ማለት ነው። ከዚያ ወዲህ ምስሉን በጉዞ ላይ አምቆ የማሳለፍ ዘዴ ቢመጣም፣ ዘዴው የሚሠራው ኮምፒውተሩም ሞኒተሩም ሲያውቁት ብቻ ነው።

ስም ሁሉ ግብርን አይናገርም

ስምን መልአክ ያወጣዋል ይባላል። የኮምፒውተር ሶኬቶችን ስም ያወጡት ግን የኩባንያዎች ኮሚቴዎች በመሆናቸው ስሙ ግብሩን ሁልጊዜ አይናገርም። ለዚህ ዋነኛው ምሳሌ እ.ኤ.አ. በ2014 ይፋ የሆነው ዩኤስቢ-ሲ ነው። ይህ ስያሜ የሚነግረን የሶኬቱን ቅርጽ እንጂ በውስጡ የሚያልፈውን አይደለም። ቅርጹ አንድ ሆኖ ሳለ አንዱ ሶኬት ፋይል ብቻ ያስተላልፋል፤ ሌላው የዲስፕሌይፖርት ምስል ይጨምራል፤ ሦስተኛው ደግሞ ተንደርቦልት ሆኖ በሰከንድ እስከ 40 ጊጋቢት ያሳልፋል። ገመዶቹም እንደዚሁ ናቸው። ስልክ ለመሙላት ብቻ የተሠራው ገመድ በሁለቱም ጫፍ በትክክል ይገጥማል፤ ምስል ግን አያመጣም።

ላፕቶፕን በአንድ ገመድ ከሞኒተር፣ ከኪቦርድና ከኔትወርክ የሚያገናኘው ዶክም የራሱ ስውር ሒሳብ አለው። በዩኤስቢ-ሲ ውስጥ ፈጣን መረጃ የሚሄድባቸው አራት መስመሮች አሉ። ዶኩ ሁለቱን ለፈጣን ዩኤስቢ ሰጥቶ ሁለቱን ለምስል ካስቀረ፣ በዲስፕሌይፖርት 1.2 ፍጥነት ለምስሉ የሚተርፈው 8.64 ጊጋቢት ነው። 4ኬ ሞኒተር በዚህ መንገድ በሰከንድ 30 ጊዜ ብቻ ይታደሳል። አራቱንም ለምስል ከሰጠ 60 ይደርሳል፤ ነገር ግን ለፋይል ማስተላለፊያ የሚቀረው የጥንቱ ዩኤስቢ 2.0 ፍጥነት ይሆናል። ገዢው ይህን ምርጫ ከዶኩ ካርቶን ላይ ማንበብ አይችልም ማለት ይቻላል።

ኤችዲኤምአይም ከዚህ የተሻለ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2017 የወጣው 2.1 የተባለው ደረጃ እስከ 48 ጊጋቢት የሚደርስ አቅም ይዞ ብቅ አለ። እ.ኤ.አ. በ2021 ግን የፈቃድ ሰጪው አካል አዳዲሶቹ ባሕርያት ሁሉ አማራጭ እንጂ ግዴታ እንዳልሆኑና የ2.0 ደረጃ በ2.1 ውስጥ እንደተጠቃለለ አስታወቀ። በመሆኑም 2.1 የሚል ጽሑፍ ያለበት ዕቃ ከቀድሞው 2.0 የማይበልጥ አቅም ሊኖረው ይችላል። ቁጥሩ አደገ፤ ዋስትናው ግን አብሮት አላደገም።

በዴስክቶፕና በላፕቶፕ መካከል ያለውን ልዩነትም ማስታወስ ይገባል። በዴስክቶፕ ላይ ግራፊክስ ካርዱ አርጅቶ ከሆነ ካርዱን ብቻ መለወጥ ይቻላል። በዚያ ላይ የሚታየው ተደጋጋሚ ስሕተት ገመዱን ከግራፊክስ ካርዱ ይልቅ ከማዘርቦርዱ ሶኬት ላይ መሰካት ነው። ላፕቶፕ ግን አብሮት የተወለደውን ይዞ ይኖራል። እ.ኤ.አ. በ2020 የወጡት ኤም1 ፕሮሰሰር ያላቸው የአፕል ላፕቶፖች እጅግ ፈጣን ሆነው ሳለ በቀጥታ የሚያገናኙት አንድ ውጫዊ ሞኒተር ብቻ ነበር። ሁለት ሞኒተር ገዝቶ ለጠበቃቸው ተጠቃሚ የፕሮሰሰሩ ፍጥነት ምንም አይፈይድለትም።

በዝምታ የሚጎድል ምስል

ከሁሉ ይበልጥ የሚያሳስበን ጉድለቱ በዝምታ መድረሱ ነው። መንገዱ ሲጠብ ሞኒተሩ አይጨልምም፤ ማስጠንቀቂያም አይሰጥም። ኮምፒውተሩና ሞኒተሩ በመጀመሪያ ስለ አቅማቸው መልእክት ይለዋወጣሉ፤ ከዚያም ከሚስማሙበት ዝቅተኛ ደረጃ ላይ ይቆማሉ። ተጠቃሚው የሚያየው ምስል አለና ሁሉ ነገር የተሟላ ይመስለዋል።

የሚቀነሰው ነገር ከሦስቱ አንዱ ነው። የመጀመሪያው የነጥብ ብዛት ነው። 1920 በ1080 የሆነ ምስል በ4ኬ ሞኒተር ላይ ሲለጠጥ በአራት ነጥቦች ላይ አንድ ነጥብ ይደገማል፤ አራት እጥፍ ተከፍሎ አንድ እጥፍ ይታያል። ሁለተኛው የእድሳት ፍጥነት ነው። በሰከንድ 30 ሲሆን የማውሱ ቀስት እየዘለለ ይሄዳል፤ ቀኑን ሙሉ የሚሠራበትንም ሰው ያደክማል። ሦስተኛውና በጣም ስውሩ የቀለም መረጃ ነው። አንዳንድ መሣሪያዎች 4ኬን በ60 በጠባብ መንገድ ለማሳለፍ ሲሉ የብርሃኑን መጠን ለእያንዳንዱ ነጥብ ይልካሉ፤ ቀለሙን ግን ለአራት ነጥብ አንድ ጊዜ ብቻ ይልካሉ። ለፊልም ይህ ብዙም አይታወቅም። በፍሎረሰንስ ማይክሮስኮፕ የተነሣን የሕዋስ ምስል ለሚመረምር ተማሪ ግን ትርጉም የሚሰጠው ቀዩ ከአረንጓዴው የሚለይበት ድንበር ነው። ያ ድንበር በገመዱ ውስጥ ከደበዘዘ፣ በማይክሮስኮፑ ላይ የወጣው ገንዘብ በገመዱ ላይ ባከነ ማለት ነው።

ሁሉም ሰው ያስፈልገዋልን?

አንዳንዶች ይህ ሁሉ ቅንጦት ነው፤ ለችግራችን አይመጥንም ይሉ ይሆናል። ክርክሩ ሙሉ በሙሉ የሚጣል አይደለም። ደብዳቤ ለሚጽፍና ሒሳብ ለሚመዘግብ ሠራተኛ 1920 በ1080 ሞኒተር ይበቃዋል። ለዚህ ሥራ 4ኬ መግዛት ሳይቸግር ጤፍ ብድር ነው። ምስል ለሚነበብበት ሥራ ግን ነገሩ ሌላ ነው። ሴንቲኔል-2 የተባሉት የአውሮፓ ሳተላይቶች መሬትን አንሥተው በነጻ ከሚያሰራጩት ምስል አንዱ ቁራጭ፣ አንድ ነጥብ 10 ሜትር በሚወክልበት ደረጃ፣ 10,980 በ10,980 ነጥብ ነው። ነጥብ በነጥብ ሲታይ የተለመደው ሞኒተር በአንድ ጊዜ የሚያሳየው ከዚህ 58ኛውን እጅ ያህል ብቻ ሲሆን 4ኬ ግን ከ15 እጅ አንዱን ያሳያል። የአፈር መሸርሸርን ወይም የሰብል ሽፋንን ለሚያጠና ሰው ይህ የሥራ ጊዜ ጉዳይ ነው።

የዓይንም ሒሳብ አለ። ጤናማ ዓይን ከ60 ሴንቲ ሜትር ርቀት ላይ በ0.17 ሚሊ ሜትር ያህል የተራራቁ ነጥቦችን ይለያል። በ27 ኢንች ሞኒተር ላይ 1920 በ1080 ከሆነ የአንዱ ነጥብ ስፋት 0.31 ሚሊ ሜትር ነው፤ 4ኬ ከሆነ ግን ወደ 0.16 ይወርዳል። የመጀመሪያው ሸካራነቱ ለዓይን ይታያል፤ ሁለተኛው ከዓይን ወሰን ጋር ይገጥማል። «ቡ»ን ከ«ቢ» የምትለየው አንዲት ቅጥያ የተቀመጠችበት ቦታ በመሆኑ፣ በፊደላችን የተጻፈ ደቃቅ ጽሑፍ ለረጅም ሰዓት የሚያነብ ሰው ልዩነቱን ፈጥኖ ይረዳዋል።

ምን ይደረግ?

የመጀመሪያው አሳባችን የጨረታ ሰነዶችን ይመለከታል። በግዢ መዘርዝር ላይ «ኤችዲኤምአይ ያለው» ወይም «ዩኤስቢ-ሲ ያለው» ብሎ መጻፍ በቂ አይደለም። በዚያ ፈንታ «ከተያያዘው ኮምፒውተር ጋር 3840 በ2160 ነጥብ፣ በሰከንድ 60 እድሳት፣ ለእያንዳንዱ ቀለም 8 ቢት፣ ቀለሙ ሳይቀነስ የሚያሳይ፤ ገመዱን ጨምሮ» ተብሎ ይጻፍ። ይህን አንድ ዓረፍተ ነገር መጨመር ወጪ የለውም። አቅራቢውን ግን ከስም ወደ ተግባር ያመጣዋል።

ሁለተኛው ርክክቡን ይመለከታል። ሞኒተሩ በርቶ መታየቱ ብቻ ለመረከብ አያበቃም። በዊንዶውስ የማሳያ ቅንብር ውስጥ የነጥቡ ብዛት፣ የእድሳቱ ፍጥነትና የቀለሙ ዓይነት ተጽፈው ይገኛሉ፤ በሊኑክስና በማክም ተመሳሳይ መረጃ አለ። ከዚህም ሌላ ሁለት ቀላል ፈተናዎች ይደረጉ። እያንዳንዳቸው የአንድ ነጥብ ውፍረት ያላቸው ጥቁርና ነጭ መስመሮች ተፈራርቀው የተሣሉበት ምስል ሳይለጠጥ ይከፈት፤ መስመሮቹ ተለይተው ካልታዩና ግራጫ ከሆኑ ነጥቦቹ በትክክል አልደረሱም። በሰማያዊ መደብ ላይ ደቃቅ ቀይ ጽሑፍ ይጻፍ፤ ጠርዙ ከደበዘዘ ቀለሙ በመንገድ ላይ ተቀንሷል። ሁለቱም ፈተና ከአምስት ደቂቃ አያልፍም።

ሦስተኛው ገመዱን ይመለከታል። እጅግ ውድ ገመድ ይገዛ ማለታችን አይደለም። ምልክቱ አኃዛዊ በመሆኑ አቅሙን የሚያሟላ ርካሽ ገመድና አቅሙን የሚያሟላ ውድ ገመድ የሚያደርሱት ምስል አንድ ነው። የሚለያየው አቅሙና ርዝመቱ ነው፤ ፍጥነቱ በጨመረ ቁጥር ተራ የመዳብ ገመድ ሊደርስበት የሚችለው ርቀት ያጥራል። ስለዚህ ገመዱ እስከሚያስፈልገው ድረስ ብቻ ይርዘም፤ የተፈተነበት ደረጃም በላዩ ላይ በትንሽ ወረቀት ይለጠፍበት። በየመሳቢያው ተጠላልፈው የሚገኙት ስም የለሽ ገመዶች ለብዙ ጊዜ ብክነት ምክንያት ናቸው።

ውድ አንባቢያን፣ መለኪያን ሳይመረምሩ በመለኪያው የተገኘን ውጤት መቀበል ከሳይንስ ሥርዓት ውጭ ነው። ሚዛናችንን በታወቀ ክብደት እንፈትሻለን፤ ቴርሞሜትራችንን በሚቀልጥ በረዶ እናረጋግጣለን። ምርምራችንን የምናነብበት ሞኒተርም፣ ከነመንገዱ፣ ከእነዚህ መሣሪያዎች አንዱ ተደርጎ እንዲቈጠር እናሳስባለን።