የማንን ስፖኪዮ ነው የገጠምኩት?

በቀደም ለት አሮጌዋ ኮሮላዬ እበራፌ ላይ የግራ ስፖኪዮዋን ተነቅላ አደረች። «መርካቶ ውረድ፤ የራስህኑ መልሰህ ትገዛዋለህ» አሉኝ ጎረቤቶቼ እየሳቁ። ድንቄም ቀልድ!

ወረድኩ። ካንዱ ሱቅ ያገለገለ ገዛሁ፤ ደረሰኝ የሚባል ነገር የለም። እቤቴ ካቻቪቴ ይዤ በሩ ላይ ያለችውን ባለ ሦስት ማዕዘን ፕላስቲክ ፈለቀቅኩ፤ ሦስት ብሎን ፈታሁ፤ ስብርባሪውን አውርጄ የገዛሁትን ባንድ እጄ ደግፌ አሰርኩ። ግማሽ ሰዓት አልፈጀም። መስተዋቱን ስወለውል ግን ጥጉ ላይ የተፋቀ የታርጋ ቁጥር ብቅ አለ። ለካስ የሌላ ምስኪን ንብረት ነው የገጠምኩት!

እንግዲህ እንነጋገር። የ1996ቱ የወንጀል ሕግ የተሰረቀ ዕቃ መሆኑን እያወቀ የሚገዛንም ይቀጣል። ታዲያ ሕጉ የት ተኝቷል? ያለ ስፖኪዮ ስነዳ የሚያስቆመኝ ትራፊክ ሞልቷል፤ ሻጩን «ይሄን ከየት አመጣኸው?» የሚል ሹም ግን አላየሁም። ሌሊት የሚነቅለውን ጎረምሳ ማሰርማ ቀላል ነው! ተቀባይ ከሌለ ሌባ የለም። መደርደሪያው ይፈተሽ! ያለ ደረሰኝ የሚሸጥ ይጠየቅ!

እኛስ ብንሆን? እኔ ራሴ ረከሰልኝ ብዬ ዝም አልኩ። የነገውን ሌባ ደሞዝ የከፈልኩት እኔ ነኝ።

የታርጋው የመጨረሻ ሁለት ቁጥሮች አልጠፉም። ባለንብረቱ ሆይ፣ ይህን ካነበብክ ቁጥርህን ንገረኝና ውሰድ። ሦስት ብሎን ነው፤ ፈትቼ እሰጥሃለሁ።