ተኳሹን ከመውቀሳችሁ በፊት ፔሌቱን ፈትኑ

መቼም ስለ ተኩስ ወሬ ከተነሳ ሁላችንም አዋቂ ነን። የኦሊምፒክ ተኩስ በቴሌቪዥን ሲታይ እንኳ አንዱ ይነሳና «ጎበዝ ተኳሽ በተሰጠው ጠመንጃ ይመታል፤ በመሣሪያ የሚያሳብበው ሰነፍ ነው» ይላል። ከዚያ አያቶቻችን ይጠራሉ። በውጅግራና በምንሽር ያን ሁሉ ጀብዱ ሲሠሩ ጥይት አማርጠው ነበር እንዴ? ይባላል። ጭብጨባ! ክርክሩ አለቀ።

ይቅርታ አድርጉልኝና እኔ አላጨበጭብም። በተለይ ወሬው ስለ አየር ጠመንጃ ከሆነ ይህ አባባል ላለመመርመር የተገኘ ሰበብ ነው። የአያቶቻችን ኢላማ ሰው ያህል ነበር። የዚህኛውን ኢላማ ስፋት ልንገራችሁ።

በ10 ሜትር የአየር ጠመንጃ ውድድር የኢላማው መሐል ነጥብ ስፋቱ 0.5 ሚሊሜትር ነው። ፔሌት የሚባለው ትንሹ የእርሳስ ጥይት ደግሞ 4.5 ሚሊሜትር ይወፍራል። ጥይቱ ከሚመታው ነጥብ ዘጠኝ እጥፍ ይሰፋል ማለት ነው። ትልቁ ውጤት 10.9 ሲሆን፣ ከመሐል 0.25 ሚሊሜትር በራቃችሁ ቁጥር 0.1 ነጥብ ይቀነሳል። እ.ኤ.አ. በ2024 በፓሪስ ኦሊምፒክ የሴቶች ፍጻሜ የ16 ዓመቷ ደቡብ ኮሪያዊት ባን ህዮ ጂን እና ቻይናዊቷ ህዋንግ ዩቲንግ እኩል 251.8 ይዘው ጨረሱ። አንድ ተጨማሪ ጥይት ተኮሱ፤ 10.4 ለ10.3። ወርቁ ለባን ሆነ። ወርቅና ብርን የለየው ሩብ ሚሊሜትር ገደማ ነው!

እስቲ ንገሩኝ፤ ጨዋታው እዚህ ድረስ ከጠበበ «የትኛውም ጥይት ያው ነው» የሚባለው በምን ሒሳብ ነው?

ያው አይደለም። ፔሌት ወገቡ ቀጭን ነው፣ ኋላው እንደ ቀሚስ የተከፈተ ነው። አየሩ ሲገፋው ቀሚሱ ይለጠጥና በአፈሙዙ ውስጥ ያሉትን ጠመዝማዛ ቦዮች ይዞ እየተሽከረከረ ይወጣል። አፈሙዝ ደግሞ ከአፈሙዝ በጥቂቱ ይለያያል። ለዚህ ነው አምራቾች የፔሌቱን ራስ 4.49፣ 4.50፣ 4.51 እያሉ ለይተው የሚሸጡት። አንዱ ጠመንጃ የወደደውን ሌላው ይበትነዋል። ስሙና ቁጥሩ አንድ የሆነ ፔሌት እንኳ በተለያየ ጊዜ ከተመረተ አንድ ዓይነት ላይመታ ይችላል። ስለዚህ ትልልቆቹ ተወዳዳሪዎች ጠመንጃውን በሞርሳ አስረው፣ የሰው እጅ ሳይነካው ከየምርቱ እየተኮሱ ይለካሉ። ቀዳዳዎቹ ጠበብ ብለው የተሰበሰቡበትን ምርት በብዛት ይገዛሉ። እንግዲህ እነዚህም ሰነፎች ናቸው በሉኛ!

ሌላው የሚያናድደኝ የጉልበት አምልኮ ነው። ማስታወቂያው ሁሉ ፍጥነት ፍጥነት ይላል። ቁጥሩ ብዙ ጊዜ የሚገኘው በጣም ቀላል በሆነ ጥይት መሆኑን ግን አይነግራችሁም። ፔሌት ወደ ድምፅ ፍጥነት፣ ማለትም በሰከንድ ወደ 340 ሜትር ሲጠጋ መንገዱን ይስታል። ያ ሩብ ሚሊሜትር የሚቆጠርበት የውድድር ጠመንጃ በሰከንድ 170 ሜትር ገደማ ነው የሚተኩሰው። ግማሹ!

«ይሄ የባለ ገንዘብ ጨዋታ ነው» የሚለኝ አይጠፋም። እንዲያውም ፈተናው የሚጠቅመው ርካሽ ጠመንጃ ለያዘው ነው። በሞላ የሚሠራ ጠመንጃ ጥይቱ ከአፈሙዙ ሳይወጣ ይንቀጠቀጣል። ስለዚህ ጨምድዶ መያዝ ሳይሆን ላላ አድርጎ፣ ሁልጊዜም በአንድ ዓይነት አያያዝ መያዝ ነው። የሰደፉን ብሎኖች አጥብቁ፣ የመነጽሩን ማሰሪያ ነካ ነካ አድርጋችሁ እዩ፣ ቀሚሱ የተጨፈለቀውን ፔሌት ለቅማችሁ ጣሉ። ከዚያ ሦስት አራት ዓይነት ፔሌት ገዝታችሁ ሞክሩ። አዲስ ጠመንጃ ከመግዛት እጅግ ይረክሳል።

አሞካከሩ ላይ ግን እንዳትሸወዱ። ጋዜጠኝነት ስንማር አንድ ምንጭ ይዛችሁ ዜና አትሥሩ እንባል ነበር። ሦስት ጥይት በአንድ ቀዳዳ ገባልኝ ብሎ ካርዱን ፎቶ የሚያነሳ ሰው በአንድ ምንጭ ዜና የሠራ ነው። እስቲ የጣልካቸውን ዘጠኝ ካርዶች አሳየን በሉት። ከእያንዳንዱ ዓይነት አስር አስር ጥይት፣ ደጋግማችሁ፣ በአንድ ጊዜ አንድ ነገር ብቻ እየቀየራችሁ ተኩሱ።

ጥሩ ፔሌት ደካማ ተኳሽን ሻምፒዮን አያደርግም፤ አልካድኩም። የሚያበሳጨኝ ሳይፈተን የሚሰጠው ፍርድ ነው። ማጣሪያው 60 ጥይት ነው። ለጠመንጃዋ የማይስማማ ፔሌት የተሰጣት ልጅ በያንዳንዱ 0.1 ብቻ ብታጣ 6 ነጥብ ሄደ። በፓሪስ ማጣሪያ አንደኛዋ 634.5፣ አሥረኛዋ 630.7 ነበራቸው፤ ልዩነቱ 3.8 ነው። ለፍጻሜ የሚያልፉት ደግሞ ስምንት ብቻ ናቸው። ያቺ ልጅ «እጅሽ አይጸናም» ተብላ ወደ ቤቷ ትሸኛለች፤ ጥይቷን ማንም አልለካም።

አሠልጣኝ ሆይ፣ መጀመሪያ ሞርሳውን አምጣ። ፍርዱ ከዚያ በኋላ ይድረስ።

እናንተም የእርሳስ ጥይት ስትለቅሙ ውላችሁ እጃችሁን ሳትታጠቡ እንጀራ እንዳትቆርሱ። ቸር እንሰንብት!