«ማን አረደው?» ማለት ነውር አይደለም





ላምበረት አካባቢ አዲስ የተጠበሰ ዶሮ ቤት ከተከፈተ ወዲህ በየዶርሙ አንድ ክርክር ተነስቷል። አንዱ ወገን «ዶሮ ዶሮ ነው፣ ቢስሚላህ በልና ብላ» ይላል። ሌላው ወገን «እዚያ ቤት የሚበላ ሐራም እየበላ ነው» የሚል መልእክት በቴሌግራም ግሩፕ ያዞራል። ሁለቱንም ወገኖች ሰምቻለሁ። ሁለቱ ዘንድ የሚጎድለው ነገር ግን አንድ ነው፦ ወደ ቤቱ ገብቶ «ይህን ዶሮ ማን አረደው? የት ታረደ?» ብሎ በትህትና የጠየቀ ሰው አላገኘሁም።

የዚህ ጽሑፍ ሐሳብም ይኸው ነው። ሳይጠይቁ መብላት ግዴለሽነት ነው፤ ሳይጠይቁ ሐራም ማለትም በደል ነው። መጠየቅ የዲናችን አደራ ነው። ደግሞም እያንዳንዳችን ለየብቻችን ከምንጨነቅበት ጀመዓችን አንድ ጊዜ በሥርዓት ቢጠይቅልን ይሻላል።

በመጀመሪያ ነገሩን በቦታው እናስቀምጠው። ዶሮ በራሱ ንጹሕ ሲሳይ ነው። ቡኻሪ በዘገቡት ሐዲስ አንድ ሰው ዶሮ ቆሻሻ ሲበላ አይቶ ስለተጸየፈ ከማዕዱ ራቅ ብሎ ሲቀመጥ፣ አቡ ሙሳ አል-አሽዐሪ (ረ.ዐ) ጠርተውት ነብዩ (ሰ.ዐ.ወ) የዶሮ ሥጋ ሲበሉ ማየታቸውን ነግረውታል። እንግዲህ «ፋስት ፉድ የፈረንጅ ነገር ነው፣ ሙስሊም አይገባበትም» የሚለው አነጋገር መሠረት የለውም። ፒዛ ሃት በ2010 ዓ.ም. አዲስ አበባ ሲከፈት ተመሳሳይ ወሬ ነበር። ከዚያ ወዲህ በርገርና የተጠበሰ ዶሮ ከቦሌ አልፎ እኛ ሰፈር ደርሷል። የምግቡ ስም አዲስ ቢሆንም የሸሪዓው ጥያቄ አሮጌው ነው። እንስሳው እንዴት ሞተ? የማን ስም ተጠራበት?

ታዲያ ይህ ጥያቄ ለበሬ ሥጋ ሲሆን ለምን አያስቸግረንም? ምክንያቱም አገራችን ለእሱ ቀድሞ መልስ አዘጋጅታለታለች። የአዲስ አበባ ቄራዎች ድርጅት ለሙስሊምና ለክርስቲያን የተለያየ የእርድ ክፍል አለው። ሥጋ ቤቱም በሩ ላይ ጨረቃና ኮከብ ወይም መስቀል ይሰቅላል። በበርካታ ዩኒቨርሲቲዎች ካፌም እርዱ ለየብቻ ነው። ገና ከበሩ ሳንገባ ምልክቱን አይተን እናውቃለን።

ዶሮ ግን ከዚህ ሥርዓት ውጭ ያደገ ምግብ ነው። እናቶቻችን ዶሮ የሚገዙት ከነሕይወቷ ነው። ቤት አምጥተው አባት ወይም ወንድም ያርዳታል፤ ወንድ ከሌለ ጎረቤት ይጠራል። አራጁ ከዓይናችን ፊት ስለነበር «ማን አረደው?» የሚል ጥያቄ አልነበረም። አሁን ግን ዶሮው የሚያድገው በቢሾፍቱና በሌሎች ከተሞች ዙሪያ ባሉ እርባታዎች ነው። የሥጋ ዶሮ ከሁለት ወር ባነሰ ጊዜ ውስጥ ይደርሳል። ታርዶ፣ ተበልቶ፣ ቀዝቅዞ በፌስታል ታሽጎ ይመጣል። የሚጠብሰው ልጅ ዶሮውን በሕይወት አላየውም። ካሸሯማ ጨርሶ አታውቅም። እኛ ደግሞ የምናየው ዱቄት የለበሰ ቁራጭና ጎኑ ላይ ያለውን ችፕስ ብቻ ነው። በሩ ላይ ጨረቃም መስቀልም የለም። ክርክሩ የተነሳው ከዚህ ክፍተት ነው።

አንዳንድ ወንድሞች «ክርስቲያኖች አህለል ኪታብ ናቸው፣ ምግባቸው በሱረቱል ማኢዳ 5ኛው አንቀጽ ተፈቅዶልናል፤ ለምን እንቸገራለን?» ይላሉ። ይህ የዑለማዎች ርዕስ ነው፤ በዚህች ጋዜጣ ላይ ፈትዋ የመስጠት ቦታ የለኝም። የአገራችን ሙስሊም ከጥንት ጀምሮ የያዘውን ጥንቃቄም በአንድ የምሳ ሰዓት ክርክር መናድ ተገቢ አይመስለኝም። ነገር ግን የተፈቀደ ነው የሚለውን አቋም የያዘም ሰው ከመጠየቅ አያመልጥም። እዚያው ሱራ 3ኛው አንቀጽ ላይ በክት፣ ታንቆ የሞተና ተመትቶ የሞተ ተከልክለዋል። አንገቱ ተጠምዝዞ ወይም ከመታረዱ በፊት በድንጋጤ የሞተ ዶሮ አራጁ ማንም ይሁን ማን አይበላም። ስለዚህ የትኛውንም አቋም ብንይዝ «እንዴት ታረደ?» የሚለው ጥያቄ ይቀራል።

ሌሎች ደግሞ የእናታችንን የዓኢሻን (ረ.ዐ) ሐዲስ ይጠቅሳሉ። ሰዎች ሥጋ ያመጡልናል፣ የአላህን ስም ይጥሩበት አይጥሩበት አናውቅም ተብሎ ሲጠየቁ፣ ነብዩ (ሰ.ዐ.ወ) እናንተ ስሙን ጥሩበትና ብሉ የሚል መልስ ሰጥተዋል። ሐዲሱ ትልቅ እፎይታ ነው። ነገር ግን ሥጋውን ያመጡት ሰዎች ለእስልምና አዲስ የሆኑ ሙስሊሞች እንደነበሩ ማስተዋል ያስፈልጋል። ከዚህ የምንማረው ሙስሊም ባለቤትና ሙስሊም አራጅ ያለውን ቤት በምርመራ ማስጨነቅ እንደማይገባን ነው። ምንጩን ጨርሶ ለማናውቀው ዶሮ ዓይን ጨፍነን እንለፍ የሚል ትርጉም ግን አይወጣውም።

«መጠየቅ ያሳፍራል፣ ክርስቲያን ጓደኞቼ ምን ይሉኛል?» የሚል ስሜት እንዳለም አውቃለሁ። በተለይ ከክፍል ጓደኞቻችን ጋር ልደት ወይም የፕሮጀክት ማብቂያ ለማክበር ስንወጣ አፋችን ይያዛል። እዚህ ላይ ላምበረት ራሷ ታስተምረናለች። ከሰሜን የሚመጣው አውቶቡስ የሚያራግፈው እዚህ መናኸሪያ ነው። ከደሴ፣ ከኮምቦልቻና ከከሚሴ የመጣን ብዙ ነን። ወሎ ውስጥ ሠርግ ወይም ድግስ ሲኖር ክርስቲያኑ ደጋሽ ሙስሊም ጎረቤቱን ጠርቶ የሙስሊሙን ፍሪዳ ያሳርዳል፤ ሙስሊሙም ለክርስቲያን እንግዶቹ እንዲሁ ያደርጋል። ድስቱ ለየብቻ ነው፤ ዳሱና ጨዋታው ግን አንድ ነው። እዚያ «ይሄ የማን ነው?» ብሎ መጠየቅ ስድብ ሆኖ አያውቅም። እንዲያውም እንግዳው ሳይጠይቅ ደጋሹ ቀድሞ ይነግረዋል። ክርስቲያን ጓደኞቻችንም ረቡዕና ዓርብ «ይሄ የጾም ነው? ቅቤ አለበት?» ብለው ሳያፍሩ ይጠይቃሉ። ማንም አይቀየማቸውም። እኛን ምን ያሳፍረናል?

በሌላ በኩል ወሬውን የሚያዞሩትን ወንድሞችና እህቶች ማነጋገር እፈልጋለሁ። ሱረቱል ሑጁራት 6ኛው አንቀጽ ወሬ ሲመጣ እንድናጣራ ያዘናል፤ ሳናውቅ ሰዎችን ጎድተን በኋላ እንዳንጸጸት። አዲስ ቤት የከፈተ ሰው ኪራይ፣ ብድርና የሠራተኛ ደሞዝ አለበት። ምናልባት ዶሮውን የሚያመጣው ከሙስሊም አራጅ ይሆናል፤ ማንም ስላልጠየቀው ብቻ አልተናገረም። «ሐራም ነው» ብሎ መጻፍ አንድ ደቂቃ አይፈጅም። የሰው እንጀራ ላይ ያደረሰውን ጉዳት መመለስ ግን ከባድ ነው። አላህ ሐላል ያደረገውን ሐራም ማለትም በራሱ ወንጀል መሆኑን አንርሳ።

ብንጠይቅ የሚሰማን አለ ወይ? አለ። የንግዱን ሒሳብ እንመልከት። የኦርቶዶክስ እምነት ተከታይ ጓደኞቻችን ረቡዕና ዓርብ፣ በ55ቱ የዐቢይ ጾም ቀናትና በሌሎችም አጽዋማት የዶሮ ሥጋ አይቀምሱም። በእነዚያ ቀናት የዶሮ ቤት ወንበር የሚሞላው በማን ነው? ትልቁን ድርሻ የሚይዘው ሙስሊሙና ፕሮቴስታንቱ ነው። በ2017 ዓ.ም. ረመዳንና ዐቢይ ጾም ተገጣጥመው እንደነበር እናስታውሳለን፤ በዚያን ጊዜ የዶሮ ቤት ዋናው ገበያ የኢፍጣር ሰዓት ነው። ይህን የተረዳ ባለቤት ሙስሊም አራጅ መያዝ ወጪ ሳይሆን ትርፍ እንደሚሆንለት ያውቃል። ጥያቄያችን ልመናም ማስፈራሪያም አይደለም፤ የደንበኛ ጥያቄ ነው።

በሌላውም ዓለም የሆነው ይኸው ነው። ብሪታኒያ ውስጥ ኬኤፍሲ እ.ኤ.አ. በ2009 በአንዳንድ ቅርንጫፎቹ ሐላል ዶሮ ማቅረብ የጀመረው ሙስሊም ደንበኛ ስለፈለገ ነው። እዚያ ግን ሌላ ትምህርትም አለ። ዶሮውን ከመታረዱ በፊት በኤሌክትሪክ ማደንዘዝን አንዱ የሐላል ማረጋገጫ ድርጅት ካልገደለው ችግር የለውም ብሎ ይቀበላል፤ ሌላው ጨርሶ አይቀበልም። «ሐላል» የሚለው ተለጣፊ ብቻውን መልስ አይሆንም ማለት ነው፤ ማን እንደሰጠውና በምን መስፈርት እንደሰጠው ማወቅ ያስፈልጋል። እኛም አገር ማንም ሱቅ አሳትሞ ሊለጥፈው የሚችል ወረቀት ሲያዩ የሚረኩ አሉ።

አገራችን በዚህ ረገድ ልምድ የላትም እንዳንል፣ ከሞጆና ከቢሾፍቱ ቄራዎች ወደ ሳዑዲ ዓረቢያና ወደ ኤምሬቶች የሚላከው የበግና የፍየል ሥጋ በሐላል ሥርዓት የታረደ ነው። ለውጭ ገዢ የምንጠነቀቀውን ያህል ላምበረት ላለ ተማሪ መጠንቀቅ እንዴት ያቅታል? በ2012 ዓ.ም. በአዋጅ ሕጋዊ ሰውነት ያገኘው የኢትዮጵያ እስልምና ጉዳዮች ጠቅላይ ምክር ቤት ለአገር ውስጥ ምግብ ቤቶችም ግልጽና ተደራሽ የሆነ የማረጋገጫ አሠራር ቢያጠናክር ይህ ሁሉ የዶርም ክርክር ይቀል ነበር። እስከዚያው ግን እጃችንን አጣጥፈን አንቀመጥም።

ስለዚህ ለጀመዓችን አሚሮች አንድ ሐሳብ አቀርባለሁ። ከወንዶችና ከእህቶች የተውጣጡ አራት ሰዎች ይመረጡ። በየሴሚስተሩ መጀመሪያ በግቢያችን ዙሪያ ተማሪ የሚያዘወትራቸውን ዶሮና በርገር ቤቶች ይጎብኙ። ሰው በማይበዛበት ሰዓት ሄደው ባለቤቱን ወይም ኃላፊውን ለብቻ ያነጋግሩ። የሚጠይቁት ነገር ጥቂት ነው። ዶሮው ከየት ይመጣል፣ አራጁስ ማን ነው? በእጅ ነው የሚታረደው፣ ከመታረዱ በፊትስ ምን ይደረጋል? አቅራቢው አንድ ነው ወይስ በገበያው ይለዋወጣል? በአንድ ዘይት ሌላ ሥጋ ይጠበስበታል? የተገኘው መልስ ከነቀኑ በመስጂዳችን ማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ ይለጠፍ። «ሐላል ነው» ወይም «ሐራም ነው» የሚል ብይን አይጻፍ፤ እኛ ሙፍቲ አይደለንም። «ጠይቀን ይህን መልሰውልናል» ተብሎ ይጻፍ፤ የሚከብደው ነገር ካለ ወደ ዑለማዎች ይወሰድ። መልስ መስጠት ያልፈለገ ቤትም «አልመለሱልንም» ተብሎ ብቻ ይመዝገብ፤ ከዚያ ያለፈ ስም ማጥፋት የለም።

ይህ አሠራር ሌላም ጥቅም አለው። በተለይ አንደኛ ዓመት እህቶችና ወንድሞች ብቻቸውን ቆመው አስተናጋጅን መጠየቅ ይከብዳቸዋል፤ ከባዱን ሥራ ጀመዓው ይሸከምላቸዋል። ባለቤቱም በቀን ሃያ ጊዜ ከመጠየቅ ያርፋል።

ጥያቄው እስኪመለስ ምን እናድርግ? ነብዩ (ሰ.ዐ.ወ) ሐላሉ ግልጽ፣ ሐራሙም ግልጽ እንደሆነ፣ በመካከላቸው ያለውን አጠራጣሪ የተጠነቀቀ ዲኑንና ክብሩን እንዳዳነ አስተምረውናል። ምንጩን ካላወቅን ዶሮውን መተው እንችላለን፤ ጓደኞቻችንን መተው ግን የለብንም። አብረን ተቀምጠን ሻይ እንጠጣ፣ አሳ ወይም ሽሮ የሚገኝበት ቤት እንምረጥ፣ ምክንያታችንንም ፈገግ ብለን እንንገራቸው። ወጥተን የምናወጣው ገንዘብም ቤተሰብ ከሌላው ቀንሶ የላከው መሆኑን አንዘንጋ። አላህ (ሱ.ወ) በሱረቱል በቀራ 168ኛው አንቀጽ ሐላልንና መልካምን አብሮ ነው የጠቀሰው። ከአቅም በላይ ተበድሮ የተበላ ምግብ ሐላል ቢሆን እንኳ መልካምነቱ ያጠያይቃል።

በሚቀጥለው ጁሙዓ ከሶላት በኋላ በሚኖረን ስብሰባ ይህ ሐሳብ ውይይት እንዲደረግበት እጠይቃለሁ። የተሻለ መንገድ ያለው ካለ ያምጣ። ወሬ ብቻ ያለው ግን እስኪያጣራ ድረስ ስልኩን ኪሱ ውስጥ ያስገባ።

አላህ ሐላሉን ያስፋልን፣ ከሐራሙም ያብቃቃን። ወላሁ አዕለም።

ወሰላሙ ዓለይኩም ወረህመቱላሂ ወበረካቱህ።