በወሰን ላይ የቆመ ባሕር ዛፍ

ባሕር ዛፍ በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን የአዲስ አበባን የማገዶና የቤት መሥሪያ እንጨት ችግር ለማቃለል ከመጣ ወዲህ የደጋውንና የወይና ደጋውን ገበሬ በብዙ ጠቅሟል። ይህን የሚክድ የለም። ቶሎ ያድጋል፤ ከብት አይበላውም፤ ከተቆረጠም በኋላ ከጉቶው ያቆጠቁጣል። የማዳበሪያ ዕዳ መክፈያ፣ የልጅ ትምህርት ወጪ መሸፈኛ፣ የቆርቆሮ ቤት መሥሪያ ሆኗል። በዚህች ጽሑፍ የምናነሣው ዛፉ ጥሩ ነው ወይስ መጥፎ የሚለውን የቆየ ክርክር አይደለም፤ በርሱስ እኛም ሰልችተናል። የምናነሣው ዛፉ የት ይቆማል፣ ጉዳቱንስ ማን ይሸከማል የሚለውን ነው።

እንደሚታወቀው ገበሬው ባሕር ዛፍን በማሳው መካከል አይተክልም። የሚተክለው ዳር ላይ፣ ብዙ ጊዜም ከወሰኑ ክንድ ወይም ሁለት ክንድ ያህል ብቻ ርቆ ነው። ምክንያቱም ግልጽ ነው፤ በወሰን ላይ የቆመ ዛፍ ውሃና ምግብ የሚሻማው ግማሹን ከባለቤቱ፣ ግማሹን ከጎረቤቱ መሬት ነው። በጊንጪ አካባቢ በመረሬ አፈር ላይ የተደረገ ጥናት፣ ከነጭ ባሕር ዛፍ መደዳ እስከ 12 ሜትር ድረስ ባለው መሬት የጤፍም የስንዴም ምርት ጉልህ በሆነ መጠን እንደሚቀንስ፣ ጤፍም ከስንዴ ይልቅ እንደሚጎዳ አሳይቷል። ይኸው ጥናት ከእንጨቱ የሚገኘው ገንዘብ የእህሉን ኪሣራ ሸፍኖ ትርፍ እንደሚያስገኝም ይገልጻል። የእኛ የልማት ሠራተኞች ለገበሬው የሚነግሩት ብዙ ጊዜ ይህንን ሁለተኛውን ብቻ ነው። ሒሳቡ ትክክል ነው፤ ነገር ግን ትክክል የሚሆነው ትርፉም ኪሣራውም ወደ አንድ ቤት ሲገባ ነው።

ሁለት ጥማድ፣ ማለት ግማሽ ሄክታር ያህል መሬት ያላትን አንዲት እመቤት ለምሳሌ እንውሰድ። ማሳዋ ርዝመቱ 100 ሜትር፣ ወርዱ 50 ሜትር ነው እንበል። ጎረቤቷ በረጅሙ ጎን ባሕር ዛፍ ቢደረድር 1,200 ካሬ ሜትር ይነካባታል። ይህም ከመሬቷ አንድ አራተኛ ለመሆን ጥቂት የቀረው ነው። በዚያ ቦታ እህሉ ጨርሶ ይጠፋል ማለታችን አይደለም። ነገር ግን ዘሩን፣ ማዳበሪያውንና የአረሙን ድካም እንደሌላው መሬት ሙሉ በሙሉ ታወጣበታለች፤ የምታነሣው ግን የከሳ እህል ነው። መሬቷን ለእኩል አራሽ ሰጥታ ከሆነ ደግሞ አራሹ ያንን ዳር ችላ ይለዋል። ማሳዋ ከዛፉ በስተሰሜን የሚገኝ ከሆነ ጉዳቱ ይብሳል፤ በጥቅምትና በኅዳር እህሉ ፍሬ በሚይዝበት ጊዜ ፀሐይ ወደ ደቡብ ስለምታዘነብል ጥላው እርሷ ላይ ይወድቃልና።

ታዲያ ምን ታድርግ? ብዙዎች የሚያደርጉት እነርሱም በበኩላቸው መትከል ነው። «እህሉ እንደሆን አይበቅልልኝም» ብሎ አንዱ ይተክላል፤ ከርሱ ቀጥሎ ያለውም እንዲሁ። በጥቂት ዓመታት ውስጥ ማንም ሳይመክርበት ጥሩ የእህል መሬት ባሕር ዛፍ ይሆናል። ለመትከል አቅም ወይም ጉልበት የሌለው ደግሞ በሁለት ደን መካከል ይቀራል።

ሕግ የለም ወይ ለሚሉን፣ አለ። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ባለሀብት በሀብቱ ሲጠቀም ጎረቤቱን እንዳይጎዳ ያዛል። በትግራይም በ1980ዎቹ መጨረሻ ባሕር ዛፍን በእርሻ መሬት ላይ መትከል በክልሉ ተከልክሎ ነበር። በእኛ አስተያየት ጨርሶ መከልከሉ ድኻውን ገበሬ ያለውን አንድ የገንዘብ ምንጭ ያሳጣዋል። ይህን ያህል ሜትር ራቅ ማለቱም ሰፊ ማሳ ላለው ይበጃል እንጂ ወርዱ 25 ሜትር ለሆነ ማሳ 12 ሜትር ራቅ ማለት መሬትህን ለሁለት ክፈለው ማለት ነው። እንዲህ ያለው ገበሬ ባሕር ዛፉን በቦረቦር ዳር ወይም እህል በማያበቅል ተዳፋት ላይ ቢተክል፣ በወሰኑ ላይ ግን ትሪ ሉሰርን ወይም ግራቪሊያ ቢያቆም ይሻላል። ግራቪሊያም ቢሆን ቅርንጫፉ በየጊዜው መመልመል አለበት።

አስቸጋሪው አስቀድሞ የቆመው ዛፍ ነው። ሽማግሌዎች ገብተው «ዛሬውኑ ቁረጥ» ቢሉት፣ ሦስት ዓመት የጠበቀውን ዛፍ ለአጣና ሳይደርስ የሚያስቆርጠው ሰው ቂም ይይዛል። እኛ የምንመክረው ባለዛፉ እንጨቱን የሚሸጥበትን ዓመት መጠበቅ ነው። ዛፉ ተቆርጦ ጉቶው ከማቆጥቆጡ በፊት ያለው ጊዜ ለስምምነት የተመቸ ነው፤ ባለዛፉ ገንዘቡን ይዟል፤ አዲስ ቡቃያም ገና አላሳደገም። በዚያን ጊዜ ለወሰኑ የቀረበው መደዳ ጉቶ ይነቀል፤ ለማገዶም ይሆናል። ባለዛፉ አልነቅልም ካለ ቀጥሎ ከሚቆረጠው አጣና ለጎረቤቱ ድርሻ ይስጥ፤ ለምሳሌ ከአራት አንዱን። ይህም በቃል ብቻ እንዳይቀር በሽማግሌዎችና በቀበሌው የመሬት አስተዳደር ኮሚቴ ፊት ይጻፍ።

እስከዚያው ድረስ ተጎጂው በራሱ መሬት በወሰኑ ጥግ ከግማሽ እስከ አንድ ሜትር የጠለቀ ቦይ ቆፍሮ ሥሩን መቁረጥ ይችላል። ሥሩ ተመልሶ ስለሚመጣ ቦዩ በየዓመቱ ወይም በየሁለት ዓመቱ ይታደስ። መሬቱ ተዳፋት ከሆነም ቦዩ ጎርፍ መውረጃ ሆኖ ቦረቦር እንዳያወጣ በየመካከሉ ሳይቆፈር የሚቀር ድልድል ይተውለት። ጥላውን ግን ቦይ አያቆመውም።

የኅብረት ሥራ ማኅበራት ችግኝ ጣቢያ ካላቸው ከማንም ይልቅ ሊረዱ ይችላሉ። ችግኝ ሲሸጡ ስንት እንደተሸጠ ብቻ ይመዘግባሉ፤ የት እንደሚተከል አይጠይቁም። ገዢው ይዞ የሚመጣው የይዞታ ደብተር ግን አዋሳኞቹን ይናገራል። በወሰን ላይ ሊተክል የሚፈልግ አባል አዋሳኙን ይዞ ይምጣ ቢሉት ብዙ ክርክር ዛፉ ሳይቆም ያልቃል። ችግኝ የሚታደለው በሰኔና በሐምሌ ስለሆነ ማኅበሩ ይህን ለአባላቱ በሚያዝያና በግንቦት ስብሰባ ቢያስታውቅ ጊዜው ይበቃል።