ሕልም የሚስል ሰው ሥዕሉን ሶዶ ውስጥ የት ይስቀል?

ክንፍ ያወጣ በሬ። ከእንሰት ቅጠል መካከል የሚያይ አንድ ትልቅ ዓይን። የዳሞታን ተራራ በጀርባው ተሸክሞ ገበያ የሚወርድ ሰው። እንዲህ ያለ ሥዕል ወላይታ ሶዶ ውስጥ ለአንድ ሰው ቢያሳዩት ስለ ቀለሙ አይጠይቅም። «ይህ ምንድን ነው?» ይላል። ቀጥሎ ደግሞ ጠንከር ያለው ይመጣል፦ «ከየት የመጣ ነው? የምን መንፈስ ነው?»

ይህን ጥያቄ ኋላ ቀርነት ብሎ መሳቅ ይቀላል። ነገር ግን ወላይታ ውስጥ ጥያቄው ታሪክ አለው። የኤስ አይ ኤም ሚስዮናውያን ወላይታ የገቡት እ.ኤ.አ. በ1928 ነው። ጣሊያን በ1937 ሲያስወጣቸው ጥለውት የሄዱት ምእመን ጥቂት አሥሮች ብቻ ነበር፤ ከነጻነት በኋላ ሲመለሱ ግን ወላይታዎቹ ራሳቸው ወደ አሥር ሺህ አድርሰውት ጠበቋቸው። ያ ትውልድ ወንጌልን ሲቀበል ከቃልቻና ከመናፍስት ጋር የተያያዘውን ዕቃ ሁሉ ከቤቱ አውጥቶ ነው። ለእሱ እንግዳ ቅርጽ ተራ ነገር አልነበረም፤ ያመለጠውን ፍርሃት የሚያስታውስ ነበር። ዛሬ አብዛኛው የወላይታ ሕዝብ ፕሮቴስታንት ነው። የአምልኮ ቤቱ በመዝሙር የተሞላ ነው፤ ግድግዳው ግን ባዶ ነው።

የሚገርመው፣ እዚያው ባዶ ግድግዳ ሥር የሚሰማው ነገር ከየትኛውም ሰዓሊ ምናብ አያንስም። ዙሪያቸውን ዓይን የሞላባቸው የሕዝቅኤል መንኮራኩሮች፣ ከባሕር የሚወጣው ባለ ሰባት ራስ አውሬ፣ ፀሐይን የተጎናጸፈች ሴት። ሕልምና ራእይ በየሳምንቱ ይነገራል፣ ይተረጎማል፣ «አሜን» ይባልበታል። እንግዲህ ለጆሮ የተፈቀደ ነገር ለዓይን ሲቀርብ ለምን ያስደነግጣል? ዳዊት ደጋሚም ሆነ ወንጌል ሰባኪ ይህን ጥያቄ ቢያስብበት አይጎዳውም።

ሰሜኑ በዚህ ረገድ የተሻለ ነው የሚል ካለ የጌዴዎንን ታሪክ ይስማ።

ጌዴዎን መኮንን እና ገራ በቤተ ክርስቲያን ትምህርት ያደጉ፣ የጠልሰም ዕውቀት ያላቸው ሊቃውንት ነበሩ። ጠልሰም በብራና ጥቅል ላይ የሚሣል ነው። ብራናው በታማሚው ቁመት ይለካል። በላዩ ላይ ፊቶች፣ ዓይኖች፣ ኮከብ መሰል ቅርጾች ይሣላሉ። ታማሚው ሲመለከተው በውስጡ ያለው መንፈስ በታማሚው ዓይን በኩል ሥዕሉን አይቶ ይሸሻል ተብሎ ይታመናል። ሥዕሉን የሚያየው ሰው ብቻ አይደለም ማለት ነው፤ ሥዕሉም መልሶ ያያል። ፓሪስ ውስጥ አንድሬ ብሬተንና ጓደኞቹ በ1924 እ.ኤ.አ. በሱሪያሊዝም ስም የሕልምን ጥበብ ሲያውጁ፣ ይህ ሥራ በኢትዮጵያ ደብተሮች እጅ ላይ ለዘመናት የኖረ ነበር።

ሁለቱ ሰዎች ይህን ውርስ ወስደው ወደ ወረቀት አሻገሩት። በተለይ የጌዴዎን ሥራ ከጥንቱ ጠልሰም በላይ ሄዷል። መስመር በመስመር ላይ ይጠላለፋል፤ ከጥልፍልፉ ውስጥ ዓይን ብቅ ይላል፤ ቅርጽ ሌላ ቅርጽ ይወልዳል፤ ገጹ መተንፈሻ የለውም። አገር ቤት ግን ማን አያቸው? ቤተ ክህነት ጠልሰምን በበጎ ዓይን አታይም። የተማረው ደግሞ «የደብተራ ድግምት» ብሎ አለፈው። ሥራቸውን ያጠናው ዣክ መርሲዬ የተባለ ፈረንሳዊ ነው። በ1992 እ.ኤ.አ. ፓሪስ፣ በ1997 ደግሞ ኒው ዮርክ ውስጥ በትልልቅ ዐውደ ርእዮች ታዩ። የጌዴዎን ሥራዎች ዛሬ ጄኔቫ ውስጥ በዣን ፒጎዚ የአፍሪካ ዘመናዊ ጥበብ ስብስብ ውስጥ አሉ። አንድ የሶዶ ተማሪ ሊያያቸው ቢፈልግ ቪዛ ያስፈልገዋል።

«እስክንድር ቦጎሲያንስ?» የሚል አይጠፋም። እውነት ነው፣ እስክንድርም የሚስለው ሕልም ነበር፤ ከብራና ጥቅሉና ከጠልሰሙም ብዙ ወስዷል። በ1964 እ.ኤ.አ. የሣለው «የጁጁ ሠርግ» በኒው ዮርኩ የዘመናዊ ጥበብ ሙዚየም ይገኛል። ነገር ግን የእስክንድር መንገድ ሌላ ነው። አዲስ አበባ ተወለደ፣ በመንግሥት ስኮላርሺፕ ለንደን ሄደ፣ ፓሪስ ኖረ፣ የኩባውን የዊፍሬዶ ላምን ሥራ በዓይኑ አየ። ሲመለስም በአለ ፈለገ ሰላም ትምህርት ቤት አስተማረ። ከኋላው ተቋም ነበረው። ጥያቄው ተቋም የሌለው ሰው ምን ይሁን ነው።

ከአዲስ አበባ ከ300 ኪሎ ሜትር በላይ ርቆ የሚኖር ሰዓሊ ምን ሠርቶ እንደሚበላ ማንም ያውቀዋል። የሱቅ ማስታወቂያ ይጽፋል፣ የባጃጅ ጀርባ ያስጌጣል፣ ለሠርግ የሙሽሮችን ፎቶግራፍ በእርሳስ ይገለብጣል፣ ለሆቴል ፏፏቴ ይሥላል። አጆራን ይሥላል፤ አጆራ ደግሞ ይገባዋል። ችግሩ ከዚህ በኋላ ነው። ማታ በደብተሩ ላይ የሚሥለውን፣ ማንም ያላዘዘውን፣ ለማንም ሊያስረዳው የማይችለውን ሥራ የሚሰቅልበት ቦታ የለውም። ለእናቱ ቢያሳያት «ልጄ፣ ደህና ነህ?» ትለዋለች። ለጓደኛው ቢያሳየው ዛሬ አዲስ ስድብ መጥቷል፦ «ኤ አይ ነው አይደል?» ሦስት ወር የፈጀበትን ሥራ ማሽን በሦስት ሰከንድ ያወጣው ነው ብሎ የሚያልፈው ሰው ክፋት ኖሮት አይደለም። ስልኩ ላይ በየቀኑ የሚያየው ክንፍ ያለው ፍጡር ሁሉ የማሽን ስለሆነ ነው። ፏፏቴ የሚሥል ሰዓሊ ከዚህ ጥርጣሬ ያመልጣል፤ ፏፏቴው አለና። ሕልም የሚሥለው ግን ምስክር የለውም።

ምስክሩ ሥራው ራሱ ነው፤ በአካል ከታየ። የብሩሹ ጭረት፣ የወረቀቱ እጥፋት፣ ተሳስቶ የተደመሰሰው መስመር በስልክ አይታይም። ለዚህ ነው ግድግዳ የሚያስፈልገው።

«የመምህራን ደመወዝ መዘግየት ዜና በሆነበት ዞን የምን ሥዕል ነው?» የሚለው ተቃውሞ ቀልድ አይደለም፣ በቀልድም አይመለስም። ደመወዝ ይቅደም። ግን የሚጠየቀው ሙዚየም ቢሆን ኖሮ ነው ክርክሩ የሚጸናው። ሶዶ ከነሐሴ 2015 ዓ.ም. ጀምሮ የደቡብ ኢትዮጵያ ክልል መቀመጫ ናት። አዳራሽ አላት፣ ዩኒቨርሲቲ አላት፣ ረጃጅም ኮሪደር ያላቸው መሥሪያ ቤቶች አሏት። ለአንድ ቀን ስብሰባ ታትሞ ማግሥቱን የሚጣል ባነር የሚወስደው ገንዘብ ለሃያ ሥዕል ፍሬምና ሚስማር ይበቃል። ማንም በበጀት እጥረት ባነር ሲቀር አላየም።

ደግሞም የወላይታ ዓይን ለሥዕል ባዕድ ነው ማለት ውሸት ነው። ዱንጉዛን ያየ ያውቃል። ቀዩ፣ ጥቁሩና ቢጫው ጎን ለጎን ሲቆሙ ምንም ዛፍ፣ ምንም ሰው አይመስሉም፤ «ይህ ምንድን ነው?» ብሎ የሚጠይቅ ግን የለም። ሸማኔው ምንን ለመምሰል እንደሠራው ሳይጠየቅ ለሠርግም ለበዓልም ይለበሳል። ያንኑ ትዕግሥት ለአንድ ወረቀት መስጠት ብዙ አይደለም።

ለመጀመሪያ ጊዜ የሚመቸው ጊፋታ ነው። በመስከረም የወላይታ ተወላጅ ከየትም ተሰብስቦ ይመጣል። ከብቱ፣ ዘፈኑና ምግቡ ቦታቸውን ይዘዋል፤ አንድ አዳራሽ ለአንድ ሳምንት በዞኑ ውስጥ ከአረካ እስከ ቦዲቲ ላሉ ሰዓሊዎች ቢከፈት የሚቀማው ነገር የለም። መራጭ ኮሚቴ «የሚያስተምር ሥዕል ብቻ» እንዳይል ግን ከወዲሁ ይጠበቅ፤ ያን ያለ ዕለት የሚቀርበው ፏፏቴና የቡና ሥርዓት ብቻ ይሆናል። ከየሥዕሉ ሥር ደግሞ ትንሽ ወረቀት ይለጠፍ። የሠሪው ስም፣ የተወለደበት ቀበሌ፣ ዓመተ ምሕረቱ፣ የተጠቀመበት ቀለም፣ የወረቀቱ ልክ። ከየጥንቱ የብራና ጥቅል ላይ የታማሚው ስም አለ፤ የሣለው ደብተራ ስም ግን አብዛኛውን ጊዜ የለም።