ስለ ውሃ ላይ ሳንቃ፤ ረጅምና ከባድ ሰው ልኩን እንዴት እንዲመርጥ

በውጭ አገር ከሐይቅና ከባሕር አጠገብ የሚኖሩ ወገኖቻችን፣ የሙቀቱ ወራት በደረሰ ጊዜ፣ ልጆቻቸው ከጓደኞቻቸው ጋራ ወደ ውሃ እንደሚወርዱ ያውቃሉ። ከውሃው ጨዋታዎችም አንዱ ዌክቦርድ የሚባለው ነው። ይኸውም ተጫዋቹ ሁለት እግሮቹን በአንድ ሳንቃ ላይ አስሮ፣ ጎኑን ወደ ፊት ሰጥቶ፣ የሞተር ጀልባ በገመድ እየሳበው፣ ጀልባው ከኋላው በሚተወው ማዕበል ላይ የሚንሸራተትበትና የሚዘልበት ጨዋታ ነው። በዛሬው ዓምዳችን ስለዚህ ሳንቃ ልክ ጥቂት ቃል ለመናገር ያሰብንበት ምክንያት፣ ቁመቱ የረዘመና ሰውነቱ የከበደ ሰው በማይገባው ሳንቃ ላይ ወጥቶ በወደቀ ጊዜ፣ ጥፋቱ ከሳንቃው ሳይሆን ከሰውዬው እንደ መጣ ተደርጎ ስለሚቆጠር ነው።

ነገሩ ብዙውን ጊዜ እንዲህ ይሆናል። አንድ ቤተ ሰብ ከወዳጆቹ ጋራ ወደ ሐይቅ ይሄዳል። በጀልባው ላይ ያለው ሳንቃ አንድ ብቻ ነው፤ እርሱም 60 ኪሎ ለሚመዝን ሰው የተሠራ ነው። ቀጭኑ ልጅ በመጀመሪያው ሙከራ ይነሣል፤ እኅቱም ትከተለዋለች። ከዚያ በኋላ ተራው 100 ኪሎ ለሚመዝነው ለታላቅ ወንድማቸው ይደርሳል። ጀልባው ሲስበው ሳንቃው ከውሃው በላይ መውጣት ያቅተዋል፤ ውሃውን እንደ ማረሻ እየሰነጠቀ በፊቱ ላይ ይረጭበታል፤ ክንዱም ይዝላል፤ በመጨረሻ መያዣውን ይለቃል። አራትና አምስት ጊዜ ከሞከረ በኋላ፣ በጀልባው ላይ ያሉት እየሣቁ፣ እርሱም አብሮ የሣቀ እየመሰለ፣ ፎጣውን ደርቦ ይቀመጣል። በሚመጣው ዓመት ቢጠሩት አንድ ምክንያት ፈጥሮ ይቀራል። እኛ እንደምናስበው ግን ያ ጎልማሳ የሚገባው ሳንቃ ቢሰጠው ኖሮ፣ በሁለተኛው ወይም በሦስተኛው ሙከራ በቆመ ነበር።

ይህ ስለ ምን ይሆናል ቢሉ፣ ሳንቃውን በውሃ ላይ የሚያቆመው ተንሳፋፊነቱ ሳይሆን ሩጫው ነው። ሳንቃው ወደ ፊት በሮጠ ጊዜ ከበታቹ ያለው ውሃ ወደ ላይ ይገፋዋል። ይህም ግፊት የሚበረታው በፍጥነቱና በሳንቃው ስፋት መጠን ነው። እንግዲህ የተጫዋቹ ክብደት ሲጨምር፣ ወይ ጀልባው መፍጠን፣ ወይ ሳንቃው መስፋት አለበት። ለጀማሪ ደግሞ ጀልባውን ማፍጠን አይመከርም፤ በብርቱ ፍጥነት ላይ ሳለ የሚወድቅ ሰው ውሃውን እንደ ድንጋይ ያገኘዋልና።

ይህን ትምህርት በፈተና ያገኘው በአሜሪካ በሚኒሶታ ግዛት የነበረው ራልፍ ሳሙኤልሰን የተባለው ወጣት ነው። እርሱም በአውሮፓ አቆጣጠር በ1922 ዓ.ም. በፔፒን ሐይቅ ላይ በጀልባ እየተሳበ በውሃ ላይ ለመሄድ ባሰበ ጊዜ፣ በመጀመሪያ የበርሜል ጣውላ፣ ቀጥሎም በበረዶ ላይ የሚኬድበትን ስኪ በእግሩ አስሮ ሞከረ። ሁለቱም አልያዙትም። ከዚህ በኋላ ርዝመታቸው ወደ 2 ሜትር ተኩል የሚጠጋ፣ ስፋታቸውም 23 ሳንቲሜትር የሚያህል ሁለት ሳንቃዎች ገዝቶ፣ ጫፋቸውን በፈላ ውሃ አለስልሶ ወደ ላይ አጠፈና በእነርሱ ላይ ቆመ። ሰውዬው ያው ሰው፣ ሐይቁም ያው ሐይቅ ሲሆን፣ የተለወጠው ከእግሩ በታች ያለው እንጨት ብቻ ነበር። በዚያው በሚኒሶታ ዛሬ ብዙ ኢትዮጵያውያን የሚኖሩ ስለ ሆነ፣ ከአንባቢዎቻችን መካከል ይህን ሐይቅ በዓይናቸው ያዩት አይጠፉም።

በአንድ ሳንቃ ላይ ጎንን ሰጥቶ መንሸራተት የተስፋፋው ግን ከብዙ ዘመን በኋላ፣ በ1980ዎቹ ነው። የካሊፎርኒያው ቶኒ ፊን በ1985 ዓ.ም. ስከርፈር የሚባለውን ሳንቃ አወጣ። የዚያን ጊዜው ሳንቃ እጅግ ተንሳፋፊ ስለ ነበረ፣ በጥልቅ ውሃ ውስጥ ሆኖ ከእግር በታች ይዞ ማስተካከል ያስቸግር ነበር። በኋላ ኸርብ ኦብራየን ቀጭንና ወደ ውሃው ውስጥ በቀላሉ የሚገባ ሳንቃ በሠራ ጊዜ፣ ጨዋታው ለብዙ ሰው ቀለለ።

አሁን ወደ ልኩ እንመለስ። ብዙ ሰዎች ሳንቃውን አጠገባቸው አቁመው፣ እስከ አገጭ ወይም እስከ ደረት ይደርስ እንደ ሆነ እያዩ በቁመት ይመርጡታል። ይህ ስሕተት ነው። ሳንቃው የሚመረጠው በክብደት ነው። ቁመቱ 1 ሜትር ከ90 ሆኖ 75 ኪሎ የሚመዝን ቀጭን ሰው፣ ቁመቱ 1 ሜትር ከ72 ሆኖ 100 ኪሎ ከሚመዝነው ሰው ያነሰ ሳንቃ ይበቃዋል።

መጠኑ ከሠሪ ሠሪ ይለያያል፤ ነገር ግን በግምት ለመናገር፣ ከ70 ኪሎ በታች ለሆነ ጎልማሳ ከ130 እስከ 135 ሳንቲሜትር፣ ከዚያ በላይ እስከ 90 ኪሎ ለሚመዝን ከ135 እስከ 141 ሳንቲሜትር የሚሆን ሳንቃ ይስማማዋል። ከ90 ኪሎ ያለፈ ሰው ከ142 ሳንቲሜትር በታች ባይወርድ እንመክራለን። ወደ 110 ኪሎ የሚጠጋ ወይም የሚያልፍ ደግሞ 144 ወይም 146፣ ከዚያም የበለጠ ቢያገኝ እርሱን ይፈልግ። ሁለት ሳንቃዎች በርዝመት እኩል ሆነው በስፋት ሊበላለጡ ይችላሉና፣ ሠሪው ለእያንዳንዱ ሳንቃ ያወጣውን የክብደት ሠንጠረዥ ሳያነቡ መግዛት አይገባም። የሳንቃው ርዝመት በአሜሪካም ሳይቀር የሚነገረው በሳንቲሜትር ነው፤ የሰው ክብደት ግን በዚያ አገር በፓውንድ ይቆጠራል፤ 1 ኪሎ 2.2 ፓውንድ ያህል ስለ ሆነ፣ 200 ፓውንድ የሚመዝን ሰው ወደ 91 ኪሎ ይደርሳል።

በዚህ ስፍራ አንድ ነገር በግልጽ እንናገር። ሠንጠረዡ የሚጠቅመው እውነተኛው ክብደት ሲነገር ነው። በአገራችን የቀድሞ ልማድ «ወፈርህ» መባል የምስጋና ቃል ነበር፤ ዛሬ ግን ብዙ ወጣቶች በሱቅ ውስጥ ክብደታቸውን ሲጠየቁ አሥር ኪሎ ቀንሰው ይመልሳሉ። ሻጩ በዚያው መጠን ትንሽ ሳንቃ ይሰጣቸዋል፤ ውሃው ግን የተነገረውን ሳይሆን ያለውን ይመዝናል። ስለዚህ ወላጆች ልጃቸውን በሰው ፊት ከማስጠየቅ ይልቅ፣ አስቀድሞ በቤት በሚዛን ላይ ቆሞ፣ ቁጥሩን በወረቀት ጽፎ እንዲሄድ ቢያደርጉት መልካም ነው።

ትልቅ ሳንቃ ጉድለት የለበትም አንልም። ሲያዞሩት ይዘገያል፤ በአየር ላይም ለመሽከርከር ይከብዳል። በዚህ ምክንያት በጨዋታው የሠለጠኑ ሰዎች አነስተኛውን ይወዱታል፤ ነጋዴውም በሱቁ የቀረውን አነስተኛ ሳንቃ «ቀልጣፋ ነው» እያለ ቢያመሰግነው ቃሉ ሐሰት አይሆንም። ነገር ግን ገና ለመቆም ለሚታገል ከባድ ሰው ቅልጥፍናው ምን ያደርግለታል? ትልቁ ሳንቃ በዝግታ ሳለ ከውሃው ይወጣለታል፤ ዘሎም ሲያርፍ ጉልበቱን አይመታውም። ክብደቱ በሁለት ልክ መካከል የሆነበት ጀማሪ ትልቁን ይውሰድ።

ቁመት ምንም ሥራ የለውም ማለታችን ግን አይደለም። ሥራው በእግሮች መካከል ባለው ርቀት ላይ ነው። ረጅም ሰው እግሮቹን አጥብቦ ቢያስር ሚዛኑን ያጣል። ርቀቱን ለማወቅ ከአንድ ዝቅተኛ ደረጃ ላይ ወደ መሬት ዘሎ፣ እግሮቹ በተፈጥሮ ያረፉበትን ስፍራ ይለካ፤ ብዙውን ጊዜ ከትከሻው ስፋት ጋራ የተካከለ ወይም ጥቂት የበለጠ ይሆናል። ከዚያም የሳንቃው የብሎን ቀዳዳዎች ማሰሪያዎቹን እስከዚያ ድረስ ማራራቅ የሚያስችሉ እንደ ሆነ ይመልከት። ማሰሪያ የምንለው በሳንቃው ላይ የሚታሰረውን ጫማ ነው፤ 46 ቁጥርና ከዚያ በላይ ጫማ የሚያደርግ ሰው ሳንቃውን ከመክፈሉ በፊት የእግሩ ልክ የሆነ ማሰሪያ መኖሩን ይጠይቅ።

የሳንቃው ጉብጠትም ይታይ። አንዳንዱ ሳንቃ ከጫፍ እስከ ጫፍ እንደ ቀስት በዝግታ የጎበጠ ነው፤ ሌላው መካከሉ ዝርግ ሆኖ ሁለቱ ጫፎቹ በድንገት ይታጠፋሉ። ሁለተኛው ወደ ላይ ብርቱ ዝላይ ይሰጣል፤ ዳሩ ግን ውሃውን እየገፋ ስለሚሄድ ይዘገያል። ለከባድ ጀማሪ የመጀመሪያው፣ ይልቁንም ጉብጠቱ ያነሰው ይሻለዋል።

ሳንቃው ልኩ ቢሆንም ጀልባ ነጂው ሊያበላሸው ይችላል። ብዙ ነጂዎች ከባድ ሰው ሲስቡ ኃይል ያስፈልጋል ብለው ሞተሩን በድንገት ይከፍቱታል፤ ይህም ክንድን ከትከሻ የሚነቅል ይመስላል። ነጂው ገመዱን በዝግታ ወጥሮ፣ ቀስ በቀስ እየጨመረ ይሳብ። ለጀማሪ በሰዓት ከ25 እስከ 30 ኪሎ ሜትር ይበቃል። ተጫዋቹም ጉልበቱን ወደ ደረቱ አጥፎ፣ ክንዱን ዘርግቶ፣ ሳንቃው ራሱ እስኪያነሣው ይታገሥ፤ ለመቆም የቸኮለ ከባድ ሰው ሳንቃውን መልሶ ያሰጥመዋል።

አንድ ሳንቃ ለቤተ ሰብ ሁሉ የሚገዛ ቢሆን፣ ከሁሉ በሚከብደው ሰው ልክ ይገዛ። ቀላሉ ሰው በትልቁ ላይ ትንሽ እየዘገየ ይጫወታል፤ ከባዱ ግን በትንሹ ላይ ከቶ አይቆምም። ገንዘብ ከመውጣቱ በፊት ተከራይቶ መሞከርም ይቻላል። በጀርመንና በሌሎች የአውሮፓ አገሮች በጀልባ ፈንታ በምሰሶዎች ላይ በተዘረጋ ሽቦ የሚስቡ መጫወቻ ስፍራዎች ስላሉ፣ በሰዓት ከፍሎ ሁለት ሦስት ልክ መሞከር ቀላል ነው።

የመንሳፈፊያው ሰደርያ ግን የሚመረጠው በደረት ዙሪያ ልክ ነው። ደረቱ የሰፋ ሰው ማንጠልጠያዎቹን ሁሉ ቈልፎ ሙሉ ትንፋሽ ይሳብ፤ ሌላ ሰውም በትከሻው በኩል ወደ ላይ ይጎትተው፤ ሰደርያው እስከ አገጩ ከወጣ ሰፍቶታል ማለት ነው። በአሜሪካ የሚገዛ ቢሆን የባሕር ጠረፍ ጠባቂው መሥሪያ ቤት የፈቀደው መሆኑ በውስጡ ተጽፎ እንደ ሆነ ይታይ፤ ለውድድር ተብለው ከሚሸጡት ስስ ሰደርያዎች ብዙዎቹ ይህ ፈቃድ የላቸውም።

አዲሱ ሳንቃ ውሃ ከነካ በኋላም፣ በመጀመሪያው ዕረፍት የማሰሪያዎቹ ብሎኖች በመፍቻ ይጠበቁ፤ በከባድ ሰው እግር ሥር ቶሎ ይላላሉና።